ያስተኛ ያንቃ

"አባባ! አባባ፣ ይሰሙኛል? ዓይንዎን ይግለጡ!"

ሽማግሌው አልገለጡም። ሰመመን ሰጪዋ በአንድ እጇ አገጫቸውን ወደ ላይ ደግፋ፣ ሌላውን ደረታቸው ላይ አሳርፋ ትንፋሻቸውን ትከታተላለች። ሆዳቸው ተሰፍቶ ቁስሉ ተሸፍኗል፤ መሣሪያው ተቆጥሮ ወጥቷል። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል።

"እህት፣ ቀጣዩ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። እሳቸውን ነርሶቹ ይዩዋቸው።"

"ሲመልሱልኝ እመጣለሁ፣ ዶክተር።"

"ትንፋሻቸው እኮ ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው። ግን ገና አልመለሱልኝም።"

ቀዶ ሐኪሙ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ከዚያ የተሸነፈ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብሎ በሩን ተደገፈ። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሞከረውና ስንት ጊዜ እንደተረታ ያውቃል። ሴትዮዋን ሥራውን ያስተማሯት ሰው "ያስተኛ ያንቃ" የሚል አንድ ሕግ ነበራቸው። በሰመመን ያስተኛኸው ሰው በገዛ አፉ እስኪመልስልህ ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም ማለት ነው። ሌሎች በሽተኛው መተንፈሱን ሲያዩ ለነርስ ያስረክባሉ። እሷ አታስረክብም።

"አባባ! በደንብ ይተንፍሱ! ዓይንዎን ይግለጡ!"

የሽማግሌው የዓይን ቆብ ተርገበገበ። ጣራውን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ በመጨረሻ እሷን አዩ።

"መቼ ነው የምትጀምሩት?" አሉ በሻከረ ድምፅ።

"አልቋል፣ አባባ።"

"አልቋል? እኔ ደግሞ እዚህ ተጋድሜ እናንተን እጠብቃለሁ!"

"እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሳንነግርዎ ጨረስን" አለችና አገጫቸውን ለቀቀች።

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ የሚሉት ባልደረባዋ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሬዲዮ በሆስፒታሉ ካሉት ሁለት ቋሚ ሰመመን ሰጪዎች ሁለተኛው ነው። በሽተኛው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ስለ ኳስ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ድመት ስለሚያወራለት ነው ስሙ የወጣለት። አንድ ነርስ እንደምትለው፣ በሽተኞቹ የሚተኙት በመድኃኒቱ ሳይሆን ከሬዲዮ ለመገላገል ነው።

"እህትዓለም፣ ጉድ ፈልቷል። ማመልከቻሽ ተመልሷል።"

"ደግሞ ለምን?"

"በፎቶው ላይ ጆሮሽ አይታይም ይላል።"

"ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ጆሮ ምን ያደርግላቸዋል?"

"ፕሮፌሰሩ የሚቆነጥጡት ነገር ይፈልጉ ይሆናል። ምዝገባው ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋው፤ ነይ ግድግዳው ጋ ቁሚ።"

ቆመች። ሬዲዮ የቀዶ ጥገና ቆቧን ከጆሮዋ በላይ ሸብሽቦ አሰረላት፤ ወደ ኋላ ሄዶ አነሣት፤ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ምነው?"

"ጆሮ ፈለጉ፣ ጆሮ ብቻ አገኙ። ሴትዮዋ የለችም።"

"ላከው ባክህ! ጨርሰው።"

ላከው። የእሱ ማመልከቻ ከተላከ ሰንብቷል። የእሷንም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሞላላት እሱ ነው፤ ድረ ገጹ መሐል ላይ እየተቋረጠ ሲያናድዳት "ተይው፣ ለእኔ ስጪኝ" ብሎ ወሰደው። የሚገርመው ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ዳይሬክተሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉላቸው አስጠርተው ነግረዋቸዋል። "ሁለታችሁም ተፈተኑ። ሁለታችሁንም ከለቀቅሁ ግን ማን ያስተኛልኛል? በጽሑፍ ፈተናው የበለጠው ይማራል፣ ሌላው እዚሁ ይሠራል። እኔን ከመሐል አታስገቡኝ" አሏቸው።

ሬዲዮ ወጣት ነው። አንድ ጊዜ ያነበበው አይጠፋውም። እሷ ግን የመግቢያው የዕድሜ ገደብ አፍንጫዋ ሥር ደርሶባታል። አንድ ዓመት ልትፈተን ስትል ልጇን ወለደች፤ ሌላ ጊዜ እናቷ ታመሙ። ለሬዲዮ ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ ነው፤ ለእሷ ከርሞ የሚባል የለም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን አያነሡትም። ሬዲዮ አንድ ቀን ብቻ ሻይ እየጠጡ ሳለ ድንገት፣

"እንዳትሳሳቺ፣ በፈተናው አልራራልሽም" አላት።

"ማን ራራልኝ አለህ?"

"አይ፣ ለራሴ ነው የምነግረው። እንዳልረሳው።"

ቤቷ ውስጥ ባለቤቷ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ጠረጴዛ አስገብቶ መጋረጃ ከልሎላታል። አናጢ ስለሆነ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ሆኖ ወጣ፤ መጋረጃው ግን ሁልጊዜ ይወድቃል። ሴት ልጇ የመድኃኒቶቹን ስም ካርቶን ላይ ጽፋ ትጠይቃታለች። ግማሾቹን ስሞች ለማንበብ ምላሷ ስለሚጠላለፍ፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ ማወቁ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እየተመለከቱ፣

"ኧረ እኔስ አይገባኝም" ይላሉ። "ሰው ሁሉ በነጻ የሚተኛውን እንቅልፍ አንቺ ስታስተኚው ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይፈልጋል?"

"እንቅልፍ አይደለም እኮ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱን በደንብ ለማወቅ ነው የምማረው።"

"ሳታውቂው ነው እስካሁን ሰው የምታስተኚው? በይ እኔን አደራ፣ እዚያ ሆስፒታል እንዳትወስዱኝ!"

ልጅቷ በሳቅ ወደቀች፤ ካርቶኖቹም ተበተኑ።

የፈተናው ቀን ሲነገር የሥራ ተራ ሰሌዳውን ሄዳ አየች። የዋዜማው የሌሊት ተረኛ እሷ ናት። የክፍሉን ኃላፊ ለመነቻቸው፤ የሚቀይራት ሰው ከተገኘ እሳቸው ግድ እንደሌላቸው ነገሯት። ጊዜያዊውን ሰመመን ሰጪ ጠየቀችው፤ ሰርግ አለበት። ሰሌዳው ፊት ቆማ ሳለ ሬዲዮ ከኋላዋ መጣ።

"ስጪኝ።"

"አንተም እኮ ጠዋት ትፈተናለህ።"

"ሰሞኑን ሌሊቱ ጭር ያለ ነው። ተረኛ ክፍል ገብቼ ለሽ እላለሁ። ቤቴ ብሆን ደግሞ ያከራዩኝ ሴትዮ ዶሮ አያስተኛኝም።"

"አይሆንም።"

"አንቺ ሌሊቱን ስትሠሪ አድረሽ ጠዋት ስምሽን እንኳ በትክክል አትጽፊም። እንዲህ ደክመሽ ብበልጥሽ ደግሞ ማሸነፌ ምን ጣዕም አለው? እንቅልፍሽን ጠግበሽ ነይና ልርታሽ።"

መጀመሪያ አይሆንም አለች። ሁለተኛ ሲላት ዝም አለች። ሬዲዮ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ በሰሌዳው ላይ ስሟን ሰርዞ የራሱን ጻፈ። እሷም ቆማ አየችው፤ አልከለከለችውም።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ተፈታኞቹ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። ከየሆስፒታሉ የመጡ ሰመመን ሰጪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው የመጨረሻውን ገጽ ያነባሉ፣ አንዳንዶቹ የማያነቡ መስለው የሌላውን መጽሐፍ ያያሉ። እሷ እንቅልፏን ጠግባ ነበር የመጣችው። ባለቤቷ በፔርሙስ ያስያዛት ሻይ እጇ ላይ ነው። ሬዲዮ የለም። ስም መጥራት ተጀመረ፤ አሁንም የለም። የእሱ ስም ሊደርስ ሲል በሩ ላይ ብቅ አለ። በጉንጮቹ ላይ የጭምብሉ ማሰሪያ መስመር አለ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"ጫማህ!" አለችው።

ዝቅ ብሎ አየ። በእግሩ ላይ ያለው የቀዶ ጥገና ክፍሉ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ ነው።

"ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ የነበረው? እኔ ደግሞ መልኬ አምሮ መስሎኝ።"

"አልተኛህም አይደል?"

"የት አግኝቼ! ገና ልብስ ሳልቀይር ምጥ የጠናባት ሴት መጣች። እሷ ሳትወጣ የመኪና አደጋ። ከዚያ በኋላ ወንበር የሚባል ነገር አላየሁም።"

"ሕፃኑስ?"

"አለቀሰ። ከእኔ የባሰ ሬዲዮ ነው።"

"የመኪና አደጋውስ?"

"እሱ ነው ያዘገየኝ። ጠዋት ሲጨርሱ ለነርሶቹ ትቼው ልሮጥ ነበር፤ በኋላ አንቺ ትዝ አልሽኝና እስኪመልስልኝ ቆምኩ። ነቅቶ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? 'ጫማዬን ማን ወሰደው?'" ሬዲዮ የራሱን እግር አይቶ ሳቀ። "ምናልባት እኔ እሆናለሁ።"

እሷ አልሳቀችም። ከፔርሙሱ ሻይ ቀድታ ሰጠችው። ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ ስሙም ተጠራ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። የሬዲዮ ወንበር ከእሷ ፊት ሆነ። ፈታኙ ረዥም፣ ክራባት ያሰሩ፣ በክር የታሰረ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው፤ መመሪያውን እንደ ፍርድ ውሳኔ አነበቡት። ስልክ ይሰበሰባል። ዘግይቶ የገባ አይፈተንም። "ከሌላ ተፈታኝ ጋር የተነጋገረ፣ የነካ ወይም ምልክት ያሳየ ተፈታኝ ወረቀቱ ይሰረዛል። ጥያቄ ያለው?"

ሬዲዮ እጁን አወጣ። "መተንፈስ ይፈቀዳል?"

"በራስዎ አፍንጫ ከሆነ" አሉ ፈታኙ ፊታቸው ሳይፈታ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው አፍንጫ ለሚጨነቁ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ቀልድ አልነበረም።

ወረቀቱ ታደለ። የመጀመሪያው ክፍል ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው ማብራሪያ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ብዙ ነጥብ የያዘ። ምርጫውን ሳትቸኩል ሠራች። ሁለት ቦታ ተጠራጥራ አለፈችና ተመልሳ መለሰቻቸው። ከፊቷ የሬዲዮ እስክሪብቶ መጀመሪያ ከእሷ ፈጥኖ ይሮጥ ነበር። ገጽ ሲገልጥ ትሰማዋለች፤ ሁልጊዜም ከእሷ ይቀድማል። ወደ ማብራሪያው ስትገባ፣ በጀርባዋ ሰመመን ተሰጥቷት የደም ግፊቷ ስለወረደባት ነፍሰ ጡር የሚጠይቀውን አገኘችና ደስ አላት። ይህችን ሴት ስንት ጊዜ አግኝታታለች! እየጻፈች ሳለ የሬዲዮ እስክሪብቶ ዝም ማለቱን አላስተዋለችም። ያስተዋለችው ሌላ ድምፅ ነው።

ትንፋሽ ነው። ረዘም ያለ፣ እኩል እኩል የሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያንኮራፋ። ቀና ሳትል አወቀችው። ለዓመታት በዚህ ድምፅ እንጀራ በልታለች፤ እንቅልፉ ቀላል ይሁን ከባድ ከኋላ ሆና መለየት ትችላለች። ይሄ ቀላል አይደለም። ሬዲዮ ግንባሩን በክንዱ ላይ አሳርፎ፣ ምናልባት አንድ ሐሳብ ላስብ ብሎ፣ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።

እጇን አወጣች። ፈታኙ በዝግታ መጡ።

"ከፊቴ ያለው ተፈታኝ እንቅልፍ ወስዶታል" አለች በሹክሹክታ።

"አይቻለሁ። እርስዎ የራስዎን ይሥሩ።"

"ይቀስቅሱት እንጂ።"

"እኔ ፈታኝ ነኝ፣ እናቱ አይደለሁም። ለአንዱ ያደረግሁትን ለሁሉም ማድረግ አለብኝ። ታምሞ ከሆነ ሐኪም እጠራለሁ። ታሟል?"

አፏን ልትከፍት አለችና፣ "ታሟል ብልስ?" ብላ ጠየቀች።

"ከአዳራሹ ይወጣል፤ ወረቀቱ እስከሠራው ይያዛል።"

"አልታመመም" አለች ቶሎ ብላ። "ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ነው እንጂ ጤነኛ ነው።"

"እንግዲያው ይተኛ።" ሄዱ።

ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ራሱ ይነቃል ብላ አሰበች። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አንገት ሲያመው ራሱ ያባንናል። የነፍሰ ጡሯን ጨረሰች። ቀጣዩ ስለ ኦክስጅን ሲሊንደር ስሌት ነው፤ ሠራችው፤ ደግማ አረጋገጠችው። ማረጋገጥ አያስፈልገውም ነበር። ቀና ስትል በግድግዳው ሰዓት የፈተናው ጊዜ ከግማሽ አልፎ ወደ መጨረሻው እየተጠጋ ነው፤ ሬዲዮ አሁንም ክንዱ ላይ ነው። በክርኑ ሥር የሚታየው ገጽ ባዶ ነው። እሱ ፈጣን ነው። አሁን ቢነቃ ይደርስበታል። ትንሽ ቆይቶ ቢነቃ ግን አይደርስበትም።

ይህን ሐሳብ ማን እንዳመጣው አላወቀችም፤ ግን ከመጣ በኋላ አልሄደም። ምን አደረግሁ? አለች ለራሷ። አልገፋሁት፣ አላስተኛሁት። ሕጉ አትናገሪ ይላል፤ አልተናገርሁም። ለፈታኙ ነግሬያለሁ። ከዚህ በላይ ከእኔ ምን ይጠበቃል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ገለጠች። ጉሮሮው ስላበጠና መተንፈስ ስለተቸገረ ሕፃን ነው። ታውቀዋለች። በደንብ ከጻፈችው ቦታው የእሷ ነው። ሁለት መስመር ጻፈች።

የሬዲዮ ትንፋሽ ቆመ።

እስክሪብቶዋም ቆመ። ሆን ብላ አይደለም፤ እጇ ራሱ ነው የቆመው። ሰው አጠገቡ ተኝቶ ትንፋሹ ሲቋረጥ ሌላ ነገር መሥራት የማይችል እጅ ነው። ጠበቀች። አንገቱ ታጥፎ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፣ ይህን ታውቃለች፤ ሆኖም ጠበቀች። ሬዲዮ አንዴ በኃይል አንኮራፋና ትንፋሹ ተመለሰ። በግራ በኩል የተቀመጠችው ተፈታኝም ጽሕፈቷን አቁማ ኖሮ አሁን ቀጠለች። ከኋላ የአንድ ሰው ወንበር ተንቋቋ። ለካ ሁሉም እየሰማ ነው።

ሰመመን ሰጪዋ የሬዲዮን እግር አየች። አንዱ አረንጓዴ ጫማ ከተረከዙ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሰሌዳው ላይ ስሟን ሲሰርዝ ቆማ ያየችበት ቀን ታወሳት። ይህን ሰው ማን አስተኛው? አለች በልቧ።

የመጨረሻውን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንደገና አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ወረቀቷን ሰበሰበችና ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች።

ፈታኙ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "የመጨረሻውን አልጨረሱም። ጊዜ አለዎት እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አንዴ ካስረከቡ መመለስ የለም።"

"የት ነው የምፈርመው?"

አሳዩዋት፤ ፈረመች። እሳቸውም ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ አስገቡት።

"አሁን ተፈታኝ አይደለሁም?"

"አይደሉም።"

"ሕጉ 'የተነጋገረ ተፈታኝ' ነው የሚለው።"

ፈታኙ አዩዋት። ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ክንዱ ላይ የተደፋውን ወጣት አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ቀስ ብለው መወልወል ጀመሩ። ሰውየው ያለ መነጽር ብዙም እንደማያዩ ግልጽ ነበር።

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በሬዲዮ ወንበር አጠገብ ያልፋል። እዚያ ስትደርስ ቆመች። አልነካችውም። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የምትጠራበትን ድምፅ አወጣች።

"ሬዲዮ! ትሰማኛለህ? በደንብ ተንፍስ! ዓይንህን ግለጥ!"

አዳራሹ ሁሉ ቀና አለ። ሁሉም ያንን ቃል በየቀኑ ይለዋል፤ እንደ ጸሎት ያውቀዋል። የታፈነ ሳቅ ከወንበር ወንበር ተሸጋገረ። የሬዲዮ የዓይን ቆብ ተርገበገበ። ራሱን ቀና አደረገ፤ ጉንጩ ላይ የእጅጌው ቁልፍ ታትሟል። ጣራውን አየ፣ መብራቱን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

"አለቀ?" አለ በሻከረ ድምፅ።

የመለሰለት ከፊት የመጣው የፈታኙ ድምፅ ነው።

"ገና ነው። ዝም ብለው ይሥሩ።"

ሬዲዮ ወደ ሰዓቱ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የነበረው እንቅልፍ ባንዴ ጠፋ። ከዚያ ባዶ እጇን አየ፤ ከኋላው ያለውን ባዶ ወንበር አየ፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ጣቷን እንኳ ሳታነሣ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

በሩ ጋ ስትደርስ ግን አልወጣችም። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነው። ወንበር ሲስተካከል ሰማች። የላስቲክ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች። አንድ ገጽ ተገለጠ። ከዚያ እስክሪብቶ መሮጥ ጀመረ፤ እንደ ባለቤቱ፣ አንዴ ከጀመረ የማያቆም።

ያኔ በሩን ከፍታ ወጣች።